ሐሳብ ለብቻ ይቆጠራል፣ በጉባኤ ይታረማል፦ በቡድን አዲስ ሐሳብ የማፍለቅ ዝርዝር መመሪያ

ስብሰባው የተጠራው ለ3 ሰዓት ነው። ሰው የተሟላው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰብሳቢው ችግሩን አስረዱና «በሉ እንግዲህ፣ ሐሳብ አምጡ» አሉ። ዝም። አንዱ ስልኩን ያያል። አንዷ ደብተሯ ላይ ትሞነጫጭራለች። ዝምታው ሲከብድ በዕድሜ ትልቁ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ሐሳብ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ «እሳቸው ባሉት ላይ ለመጨመር ያህል» ብሎ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ይዘን የወጣነው ያንኑ አንድ ሐሳብ ነው።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ባሕር ዳርም ያው ነው። ሰው ሐሳብ አጥቶ አይደለም። ወጥተን ሻይ ስንጠጣ «እኔ እኮ እንዲህ ብናደርግ ብዬ አስቤ ነበር» የሚለው ብዙ ነው። ሻይ ቤት የወጣው ሐሳብ ስብሰባው ላይ ለምን አልወጣም? ይህን መመሪያ የጻፍኩት ይህ ጥያቄ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ቅኔ ቤቱ የሚያውቀው ነገር

ጎጃም ተቀምጦ ስለ አዲስ ሐሳብ ለሚያወራ ሰው ቅኔ ቅርቡ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የተጠራው በቅኔ ነው። ቅኔ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለውን ዛሬ መልሶ ማለት አይቻልም።

ታዲያ ተማሪው አዲሱን ነገር እንዴት ያገኘዋል? ከመምህሩ ከተማረ በኋላ ራቅ ብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ዛፍ ሥር ወይም ጸጥ ያለ ጥግ ይፈልግና ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ እያሰበ አዲስ ያዘጋጃል ማለት ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ያቃናሉ፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ። ጀማሪው የሚነሣውም ከትንሹ የቅኔ ዓይነት፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው።

ሳይቆጥር፣ እዚያው ቆሞ የሚዘርፍም አለ። እሱ ግን የበሰለ ባለቅኔ ነው። የኛ ስብሰባ ጥፋቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁሉንም ሰው፣ ጀማሪውንም አይናፋሩንም፣ «ቁምና ዝረፍ» እንለዋለን። ቆጠራውን ዘለልነው።

ጥናቱም ወደዚያው ነው የሚያመለክተው

በቡድን ሐሳብ የማፍለቅን ዘዴ በስፋት ያስተዋወቀው አሌክስ ኦስቦርን የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ አራት ሕጎችን አስቀመጠ። ሕጎቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ እመለስባቸዋለሁ። ግን ኦስቦርን ሰዎች አብረው ሲያስቡ ለየብቻ ከሚያስቡት በጣም የበለጠ ሐሳብ ያወጣሉ ብሎም ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ይህ ተፈተነ። አራት ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው እየተነጋገሩ ያወጡት ሐሳብ፣ ሌሎች አራት ሰዎች ለየብቻቸው አስበው ከተደመረላቸው ያነሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ተፈትኗል። ውጤቱ አልተለወጠም።

ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው ወረፋ ነው። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ሲጠብቅ ወይ ሐሳቡን ይረሳዋል፣ ወይ እንዳይረሳው እየደጋገመ አዲስ ማሰብ ያቆማል። ዲል እና ስትሮብ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ከሦስቱ ትልቁ ጎጂ ይሄ መሆኑን አሳይተዋል።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ይህን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው፣ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው፣ ታላቅ ፊት ቀድሞ አለመናገሩ። ይህ ክብር ያለው ባህል ነው፤ አፍርሱት አልልም። ይሉኝታው ሳይነካ ሐሳቡ የሚወጣበት መንገድ ግን አለ።

ሦስተኛው «ሌላው ይናገረዋል» ማለት ነው። ሰው ሲበዛ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል።

እንግዲህ ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዤ እዘልቃለሁ። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ከሚመረተው አንዱ ድንች ነው። ድንች በአንድ ሰሞን ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል። ሰባት ሆነው ለዚህ መላ የሚፈልጉ የማኅበር አባላትን አስቡ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ እዚህ ነው። መጥፎ ጥያቄ ይዞ ጥሩ ሐሳብ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

«የድንች ገበያን እንዴት እናሻሽል?» የሚለው ጥያቄ በጣም ሰፊ ነው። መልሱም ሰፊ ይሆናል፦ «ግንዛቤ ማስጨበጥ»፣ «ባለድርሻ አካላትን ማስተባበር»። እነዚህን ቃላት ከሰማችሁ ጥያቄው እንደተበላሸ እወቁ። በሌላ በኩል «መጋዘኑን የት እንሥራ?» የሚለው ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። መጋዘን መሥራት መፍትሔ መሆኑን ማን ወሰነ?

መካከለኛው እንዲህ ይሆናል፦ «ድንቹ በአንድ ሰሞን ሲወጣ፣ አምራቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ በወደቀ ዋጋ ለመሸጥ እንዳይገደድ ምን ምን ማድረግ እንችላለን?» ይህ ጥያቄ ሰው አለው፤ አምራቹ። ጊዜ አለው፤ ሁለት ሳምንት። መልሱን ግን አልወሰነም። «ምን» ሳይሆን «ምን ምን» ማለቱንም ልብ በሉ። «ምን» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሰው አንዱን ትክክለኛ መልስ ይፈልጋል። «ምን ምን» ስትሉ ብዙ ይፈልጋል።

ጥያቄውን ለማጥራት «ለምን?» እያሉ መውረድ ይጠቅማል። አምራቹ ለምን በርካሽ ይሸጣል? ቶሎ መሸጥ ስላለበት። ለምን? ይበላሽበታል፣ ብርም ይፈልጋል። ብሩን ለምን አሁን ፈለገው? ብድር ስለሚከፍል። አሁን ችግሩ ገበያ ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ምናልባት ትክክለኛው ጥያቄ የብድሩ መክፈያ ቀን ነው። ይህን ከስብሰባው በፊት አንድ ሁለት አምራቾችን ጠይቃችሁ ድረሱበት። ቢሮ ተቀምጦ «ለምን» ማለት ግምት ነው።

ጥያቄው ሲጠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ከሁለት ቀን በፊት ለሁሉም ላኩ። ሰው እንጀራ ሲጋግርም፣ ታክሲ ሲጠብቅም ያብላላዋል።

ደረጃ 2፦ ሰው ምረጡ

ከ5 እስከ 7 ሰው ይበቃል። ከ8 ከበለጠ ለሁለት ክፈሉት።

ሁሉም የአንድ ሙያ ሰዎች ከሆኑ ሐሳቡም አንድ ዓይነት ይሆናል። ለድንቹ ጉዳይ የግብርና ባለሙያ ብቻ አትጥሩ። ባሕር ዳር ምግብ ቤት ያላትን ሴት ጥሩ። ድንቹን የሚያጓጉዘውን የአይሱዙ ሹፌር ጥሩ። ሹፌሩ መኪናው ባዶ የሚመለስበትን ቀን ያውቃል። ይህን የትኛውም ሪፖርት ውስጥ አታገኙትም።

አንድ አወያይ ይኑር። አወያዩ አለቃው ባይሆን ይመረጣል። ሥራው ሰዓት መያዝ፣ ሕጉን ማስከበርና ወረቀት መሰብሰብ ነው። አለቃው እንደማንኛውም ሰው ይጽፋሉ። ግን በቃል መጨረሻ ላይ ነው የሚናገሩት። ይህን አስቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯቸው። «እርስዎ ቀድመው ከተናገሩ እኛ ሌላ ማለት ይከብደናል፤ እባክዎ መጨረሻ ላይ ያድርጉልን» ማለት በቂ ነው። ለዕድሜ ባለጸጋውም እንዲሁ። እኔ እስካሁን «አያ፣ መጨረሻውን ለርስዎ አቆይተናል» ተብለው ቅር ያላቸው ሰው አላጋጠሙኝም። መጨረሻ መናገር የክብር ቦታ ነው፤ በሽምግልናም ማሳረጊያው የትልቅ ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ አራቱን ሕጎች ግድግዳ ላይ ለጥፉ

የኦስቦርን አራት ሕጎች በኛ አነጋገር እነዚህ ናቸው፦

- ሐሳብ በሚወጣበት ሰዓት ማንም አይነቅፍም።
- ያበደ የሚመስል ሐሳብም ይጻፍ።
- መጀመሪያ ብዛት ነው የምንፈልገው።
- የሌላውን ሐሳብ ወስዶ መጨመርና ማዳቀል ይፈቀዳል።

የመጀመሪያው ሕግ በቀላሉ ይጣሳል። የሚጣሰውም በስድብ አይደለም። «ይሄ እኮ ተሞክሯል»፣ «በጀት የለም»፣ «የኛ ሰው አይቀበለውም» በሚሉ ጨዋ ዓረፍተ ነገሮች ነው። እነዚህን ሦስቱን ከሕጎቹ ሥር ጻፏቸውና «እስከ ቡና ሰዓት የተከለከለ» በሉ። እኔ ደግሞ ማድነቅንም እከለክላለሁ፤ እሱም እንደ ነቀፋ ነው። አንዱን «ጎበዝ!» ካላችሁት፣ ያልተባለው ይሸማቀቃል።

ደረጃ 4፦ ለብቻ መቁጠር

አሁን ቆጠራው ነው። ኤፎር ወረቀት ለአራት ቁረጡ። ለእያንዳንዱ ሰው 15 ቁራጭና አንድ ስክሪብቶ ስጡ። ስልክ በጸጥታ ላይ ይሁን። አወያዩ ጥያቄውን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ 10 ደቂቃ ማንም አያወራም። ሁሉም ይጽፋል።

በአንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ ብቻ። ስም አይጻፍበትም። በትልቁ፣ ከሩቅ እንዲነበብ። ሐሳቡም ግሥ ይኑረው። «ምግብ ቤት» ብሎ መጻፍ ሐሳብ አይደለም። «ባሕር ዳር ላሉ ምግብ ቤቶች ታጥቦ በመጠን የተለየ ድንች በየሳምንቱ ሰኞ እናድርስ» ሐሳብ ነው።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ደቂቃ ላይ እጅ ይቆማል። ሁሉም የሚያውቀውን ጽፎ ጨርሷል። አወያዩ እዚህ ላይ ተሳስቶ «ጨረሳችሁ? እንቀጥል?» ማለት የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ሐሳቦች ማንም የሚያስባቸው ናቸው። ትንሽ ተጨንቆ ከቆየ በኋላ የሚመጡት ናቸው የሚለዩት። ዝምታው ይክበድ፤ ተዉት። ቅኔ ቆጣሪውም ዛፉ ሥር የሚቆየው ለዚህ ነው።

ማንበብና መጻፍ የሚከብደው ሰው ካለ ጸሐፊ አጠገቡ ይቀመጥ። ጥግ ይዘው በሹክሹክታ ይንገሩት፣ እሱ ይጻፍ። ጸሐፊው ማሳመር አይፈቀድለትም። የተባለውን በተባለበት ቃል ይጻፍ።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን አዙሩ

ከቆጠራው ቀጥሎ ሐሳቦቹን ማጋባት ነው። ለዚህ የምወደው ዘዴ በርንድ ሮርባህ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው ነው። 6 ሰው፣ 3 ሐሳብ፣ 5 ደቂቃ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስድስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። እያንዳንዱ አንድ ሙሉ ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ወደ ጎን 3፣ ወደ ታች 6 ሳጥን ይሠመራል። በ5 ደቂቃ ሁሉም የላይኛው መስመር ላይ 3 ሐሳብ ይጽፋል፤ ለብቻው ከቆጠረው የመረጠውን ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀቱን በቀኙ ላለው ሰው ያቀብላል። ተቀባዩ የተጻፈውን ያነብና በሁለተኛው መስመር 3 ይጨምራል። ያለውን ሊያሻሽል፣ ሁለቱን ሊያዳቅል፣ ወይ ፈጽሞ አዲስ ሊጽፍ ይችላል። ስድስት ዙር ሲያልቅ 30 ደቂቃ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ 108 ሳጥን ተሞልቷል።

አንዳንዱ ይደጋገማል። ይደጋገም። ሐሳብ እንዴት እንደሚያድግ ግን እዚህ ላይ ታያላችሁ። አንዱ «ድንቹን ዘግይተን እናውጣ» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው «ሁሉም ሰው አይዘግይ፤ ማሳው በሦስት ተከፍሎ በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ይተከል» ይላል። ሦስተኛዋ፣ ምግብ ቤት ያላት፣ «አንደኛው ተራ ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ እንዲደርስ ይተከል፤ ያኔ ድንች በብዛት እንፈልጋለን» ብላ ትጨምራለች። ይህ ሐሳብ የማን ነው? የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ከታላቅ ሰው ሐሳብ ላይ መጨመርም እዚህ አያሳፍርም፤ በጽሑፍ ነውና ማን እንደጻፈው ብዙ ጊዜ አይታወቅም።

የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ሁለት ሐሳብና አራት ዙር አድርጉት። በጉባኤ ቃና መጀመር አያሳፍርም።

ደረጃ 6፦ ሐሳብ ሲደርቅ

ይደርቃል። ያኔ አወያዩ ጥያቄውን ያገላብጠው። ሁለት መንገድ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው መገልበጥ ነው። «አምራቹ ጭራሽ እንዲከስር ብንፈልግ ምን እናደርግ ነበር?» በሉ። ይህን ጥያቄ ሰው ይወደዋል። ሳቅ ይመጣል፣ ይሉኝታው ይለቃል። «ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያወጣ እናደርጋለን»፣ «ዋጋውን ማንም እንዳይነግረው»፣ «ጭቃውን ሳይራገፍ ጆንያ ውስጥ እንከተዋለን»። አሁን እያንዳንዱን ገልብጡት። ጭቃው ይራገፍ፣ ዋጋው በየቀኑ ይነገር። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን ስትጨርሱ ግማሹን ዛሬም እያደረግነው እንደሆነ ታያላችሁ።

ሁለተኛው የግሥ ጥያቄ ነው። ያለውን ነገር ይዞ፦ ምኑን በምን እንተካ? ምኑን ከምን ጋር እናጣምር? ምኑን እናሳንስ? ለሌላ ምን ይውላል? ምኑን እናስቀር? ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ? «ለሌላ ምን ይውላል» የሚለው ብቻ ለድንቹ ዘር መሸጥን፣ ቺፕስን፣ የእንስሳት መኖን ያመጣል። እያንዳንዱ ጥያቄ 2 ደቂቃ ይበቃዋል።

ደረጃ 7፦ ደርድሩ፣ ቡና ጠጡ

ወረቀቶቹን ሁሉ መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ዘርጉ። የተጻፈባቸውን ሳጥኖች በመቀስ ቆራርጡ። ሁሉም ቆሞ፣ ሳይነጋገር፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ያስቀምጥ። ጂሮ ካዋኪታ የተባለ ጃፓናዊ የባህል አጥኚ በዚህ መንገድ ነበር የመስክ ማስታወሻውን የሚያደራጀው። መጀመሪያ ክምር ይሠራል፣ ስም የሚወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን የቀረ ወረቀት ካለ በግድ ክምር ውስጥ አትክተቱት። ብዙ ጊዜ እሱ ነው አዲሱ ሐሳብ።

ከዚያ ቡና። አቦሉ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ጥሩ እረፍት ነው። ሐሳብ ማውጣትና ሐሳብ መምረጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመካከላቸው ግልጽ ድንበር ይኑር።

ደረጃ 8፦ ምረጡ

ለእያንዳንዱ ሰው 4 ፍሬ ሽምብራ ስጡ። ሁሉም ያመነበት ሐሳብ ላይ ሽምብራውን ያስቀምጣል። ለአንድ ሐሳብ ከ2 በላይ አይቻልም። አንዱ ሲያስቀምጥ ሌሎቹ ቡናቸውን ይዘው ፊታቸውን ያዙሩ። አለቃው መጨረሻ ያስቀምጡ። አለቃው የት እንዳስቀመጡ ከታየ ሽምብራው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ብዙ ሽምብራ ያገኙትን 4 ወይም 5 ሐሳቦች ውሰዱ። አሁን የተከለከሉት ዓረፍተ ነገሮች ይፈቀዳሉ። በጀት ይነሣ፣ የተሞከረው ይነሣ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቢሳካ ምን ያህል ይለውጣል? በ30 ቀን ውስጥ በትንሹ መሞከር ይቻላል?

የባለሙያው እውቀት የሚያስፈልገውም አሁን ነው። ለምሳሌ አንዱ «ድንቹን ብርሃን በሚገባበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቤት በመደርደሪያ እናቆየው» ብሎ ይሆናል። ይህ ለዘር ድንች ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ለምግብ ለሚሸጥ ድንች ግን አይሆንም። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ለምግብ የሚሆነው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ሐሳቡ አይጣል። ለሁለት ይከፈል፦ የዘሩ ለብቻ፣ የምግቡ ለብቻ። ባለሙያው ይህን ከደረጃ 4 በፊት ተናግሮት ቢሆን ግን፣ ስለ ማቆየት የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ከመለያየታችሁ በፊት ለተመረጠው ሐሳብ 5 ደቂቃ ስጡ። «ከስድስት ወር በኋላ ነው እንበል። ሐሳቡ ከሽፏል። ለምን ከሸፈ?» ሁሉም በጽሑፍ ይመልስ። «ይከሽፋል ወይ?» ብትሉ ሰው በይሉኝታ «አይ፣ ይሳካል» ይላል። «ከሽፏል» ብላችሁ ስትነሡ ግን ሥጋቱን ያወጣል።

በርቀት ስትሠሩ

አሁን ከሰባቱ ሁለቱ ባሕር ዳር፣ ሦስቱ መራዊ፣ አንዷ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው እንበል። ሁሉንም በቪዲዮ ሰብስቦ «ሐሳብ አምጡ» ማለት በአካል ከሚደረገውም ይብሳል። ብሩክስ እና ሌቫቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት ሁለት ሁለት ሰዎችን በአካልና በቪዲዮ አወዳድሮ ነበር። በቪዲዮ የተገናኙት ያወጡት አዲስ ሐሳብ ያነሰ ሆነ። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ስለሚተከል ሐሳባቸውም አብሮ ይጠብባል። መምረጥ ላይ ግን በቪዲዮ የተገናኙት አላነሱም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ሐሳብ ማውጣቱን ከቪዲዮ ውጪ አድርጉት። ቪዲዮውን ለመምረጥ ብቻ ተጠቀሙበት። ለኛ ደግሞ ይህ እሰየው ነው። ለብቻ መቁጠር ኔትወርክ አይፈልግም።

አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ ቴሌግራም ስላለው በእሱ ላሳያችሁ።

*ሰኞ ጠዋት።* አወያዩ ጥያቄውን በቡድኑ ገጽ ላይ ይለጥፋል። ከጽሑፉ ጋር የ1 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ያያይዛል። ችግሩን በድምፅ ሲሰሙት ይገባል።

*እስከ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት።* እያንዳንዱ ቢያንስ 5 ሐሳብ ለአወያዩ በግል ይልካል። ቡድኑ ገጽ ላይ አይጻፍም። የመጀመሪያው ሰው ሐሳቡን እንደለጠፈ የሌሎቹ ሐሳብ እሱን መከተል ይጀምራል፤ «እኔም» የሚለው ይበዛል። በአማርኛ መተየብ የሚያዘገየው ሰው በወረቀት ጽፎ ፎቶ ያንሣ። መጻፍ የማይወድ በድምፅ ይላክ። ሦስቱም እኩል ናቸው።

አወያይ የላችሁም? ሌላ ዘዴ አለ። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብላችሁ ብትይዙ መልእክቱ የሚሄድበትን ሰዓት መቅጠር ይቻላል። ሁሉም ማክሰኞ ማታ ለ2 ሰዓት ይቅጠር። ሐሳቡ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይዘንባል። ማንም የማንንም አይቶ አልጻፈም። ሰዓቱን ግን በግልጽ ተነጋገሩ። ስልኩ የሚያውቀው 20:00 ነው፣ እኛ የምንለው 2 ሰዓት ነው። ውጪ አገር የሚኖር አባል ካለ ይህን ሳታጣሩ አትለያዩ።

*ረቡዕ።* አወያዩ ሐሳቦቹን ቁጥር ሰጥቶ፣ ስም አጥፍቶ፣ በአንድ ዝርዝር ይለጥፋል። ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን የሰውን ቃል ሳይቀይሩ መገልበጥ ትልቅ አክብሮት ነው።

*ሐሙስ።* ሁሉም ከዝርዝሩ የራሱ ያልሆኑ ሁለት ሐሳቦችን መርጦ ይጨምርባቸዋል። «ቁጥር 14 ላይ፦ ሹፌሩ ማክሰኞ ባዶ ስለሚመለስ ጭነቱ በዚያ ቀን ይሁን።» ወረቀት ማዞሩ ይሄው ነው።

*ዓርብ።* ስም በማይታይበት የድምፅ መስጫ ከ8 እስከ 10 የሚሆኑትን አቅርቡ። አንድ ሰው ብዙ መምረጥ እንዲችል አድርጉት። ከዚያ 40 ደቂቃ በቪዲዮ ወይም በድምፅ ተገናኙና የተመረጡትን ፈትሹ። ዳታ ለመቆጠብ ካሜራ ይዘጋ። አወያዩ በስም እየጠራ በየተራ ያናግር፤ በስልክ «ማን ይጀምር» መባባል ጊዜ ይበላል። አሁንም አለቃው መጨረሻ።

ግማሹ ሰው አንድ ክፍል ተቀምጦ ግማሹ በስልክ ሲገባ ችግር አለ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ይሳሳቃሉ፣ በስልክ ያለው ሰው ይረሳል። ስለዚህ አንድ ሰው እንኳ ከሩቅ ከሆነ ሁሉም በየስልኩ ይግባ። አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉትም ጭምር።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ሥራው አይቆምም። ጥያቄውን በአጭር ጽሑፍ መልእክት ላኩ። ሰዎች በወረቀት ይቁጠሩ። በቀጠሮው ቀን አወያዩ ለእያንዳንዱ ደውሎ 10 ደቂቃ ያዳምጥ፣ ይጻፍ፣ የጻፈውን መልሶ ያንብብለት። በሁለተኛው ዙር ሲደውል ከሌሎቹ የተገኙትን 6 ሐሳቦች ያንብብና «ምን ትጨምርበታለህ?»፣ ለታላቁም «ምን ይጨምሩበታል?» ይበል። ሰባት ሰው በሁለት ዙር 14 ጥሪ ነው። ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እንዲያውም ስብሰባ ላይ አፋቸውን የማይከፍቱ ሰዎች በዚህ መንገድ ልባቸውን ሲከፍቱ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ

በ48 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም አጭር መልእክት ይሂድ። ስንት ሐሳብ ወጣ፣ የትኞቹ ተመረጡ፣ የመጀመሪያዋን ትንሽ ሙከራ ማን ይጀምራል፣ በየትኛው ቀን። «ኮሚቴው ይከታተላል» አይባልም፤ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። ያልተመረጠው ሐሳብ ለምን እንዳልተመረጠም አንድ መስመር ይጻፍለት። ሐሳቡን ሰጥቶ ምላሽ ያጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ ወረቀት ነው የሚመልስላችሁ፤ ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ወረቀቶቹን ፎቶ አንሥታችሁ፣ ዋናዎቹን ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። በሚቀጥለው የመስኖ ወቅት ያው ጥያቄ ሲመጣ፣ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ካርቶኑን ክፈቱና ብቻቸውን ቀርተው የነበሩትን ወረቀቶች መሬቱ ላይ አብራችሁ ዘርጓቸው።